ጥቅም ላይ ያልዋለ ውሃ

የምኖርበት ሰፈር ወረቀት ላይ ሌላ ስም አለው፤ ሰው ግን ሳሃራ ነው የሚለው። የሚኒባስ ረዳቶች ሳይቀሩ «ሳሃራ፣ ሳሃራ፣ አንድ ሰው የቀረው!» እያሉ ይጮሃሉ፤ ማንም አይስቅም። ከተማዋን በስሟ አልጠራትም። ሰበታ በሏት፣ ቡራዩ በሏት፣ ሱሉልታ በሏት፤ አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች አንዷ ናት፤ እኔም እስከ ዛሬ እንጀራዬን የምበላው ከእሷ ነው።

በረሃ ናት ስል የሚያምነኝ የለም። በራችን ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ብትመለከቱ የሚታያችሁ ሸለቆ ነው፤ በክረምት ውሃ የሚተኛበት የሣር ሜዳ፣ ከዚያ ወዲያ የጤፍና የገብስ ማሳ፣ በየመሃሉ የድርቆሽ ክምር። በመስከረም ዓይን ያጠግባል። እኛ ደግሞ ያንን ከላይ እያየን፣ ልብስ ያጠብንበትን ውሃ ለወለል፣ የወለሉን ለሽንት ቤት እናስቀምጣለን። ቧንቧው በሁለት ሳምንት አንዴ ይመጣል ይባላል። ሲመጣ መጀመሪያ አየር ነው፤ ያስላል፣ ቀይ ጭቃ ይተፋል፣ ከዚያ ይሄዳል። በበጋ መንገዱ ዱቄት ይሆንና ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር ያጠብነው ልብስ ገመዱ ላይ ይቆሽሻል። ልጄ አፏን ስትፈታ ከ«እማዬ» ቀጥሎ ያወቀችው ቃል «ጀሪካን» ነበር። ይህን ስናገር ቀልድ የሚመስለው ሰው አለ፤ እኔ እንኳ ቀልድ ካቆምኩ ቆየሁ።

ሥራዬ ይህችን ከተማ ማስተዋወቅ ነው። አስተዳደሩ ውስጥ የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ነኝ። በየዓመቱ የከተማዋን ፕሮፋይል እናወጣለን፤ እንግዳ ሲመጣ የሚታደል፣ ባለ ቀለም፣ የሚያብረቀርቅ መጽሔት ነው። እንዴት እንደሚዘጋጅ ልንገራችሁ፤ ያለፈው ዓመት ፋይል ይከፈታል፣ ዓመተ ምሕረቱ ይቀየራል፣ የሕዝቡ ብዛት ትንሽ ከፍ ይላል፣ የተነሣው ኃላፊ ፎቶ ወጥቶ የተሾመው ይገባል። አለቀ። «ለም አፈር»፣ «ተስማሚ የአየር ንብረት»፣ «እምቅ ሀብት» የሚሉት ቃላት እኔ ስቀጠር እዚያው ነበሩ፤ ማን እንደጻፋቸው የሚያውቅ የለም። አንዴ ሌላ ከተማ እንደኔው የምትሠራ ጓደኛዬ የእነሱን ላከችልኝ፤ ሁለት ገጽ ሙሉ ከኛው ጋር አንድ ዓይነት ነው። በስልክ ሆዳችን እስኪያመን ሳቅን። ማን ከማን እንደቀዳ አልተጠያየቅንም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ ኃላፊ ተሾመልን። ንቁ ሰው ነው፤ መጥፎ አልለውም። ፕሮፋይሉን አገላብጦ አየና «የውሃ ሀብት የሚለው ክፍል ባዶ ነው። ባለሀብቶች ሊጎበኙን ነው፤ ውሃ የሌለው ከተማ ማን ይመጣል? ሸለቆውን ወርደሽ እይና የሆነ ነገር ይዘሽ ነይ» አለኝ። ውሃ እንደሌለንማ ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ የዚያን ቀን ጠዋት ፊቴን የታጠብኩት በአንድ ኩባያ ነው። ግን ወረድኩ።

የወረድኩት ወደማውቃቸው ሰው ነው። ሸለቆው ውስጥ አምስት ላሞች የነበሯቸው አዛውንት ገበሬ ናቸው፤ ልጄ ጡት ከተወች ጀምሮ የምትጠጣው ወተት ከእሳቸው ቤት ነበር። በየጠዋቱ አቀበቱን በእግራቸው ወጥተው በራችን ላይ ያደርሱልን ነበር። ሰፈሩ ኦቦ ይላቸዋል፣ እኔ አባባ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ልጄ» በማለት ፈንታ «ኢንታላኮ» ይሉኛል። እኔ ከሰሜን ለሥራ የመጣሁ ነኝ፤ የእሳቸው አማርኛ ከኔ ኦሮምኛ መቶ እጅ ይሻላል።

የመጣሁበትን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። ከማሳው ጥግ ወዳለ ቋጥኝ ወሰዱኝና «ቡርቃው ይኸውልሽ» አሉኝ። ከድንጋዩ ሥር ድምፅ ሳያሰማ የሚወጣ ምንጭ ነበር፤ ከእንጨት በተፈለፈለ ገንዳ ውስጥ ይሞላና የተረፈው ወደ ሜዳው ይፈሳል። ላሞቹ ከገንዳው ይጠጡ ነበር። አንዷ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አጎነበሰች።

«በጋ ላይስ ይቀንሳል አባባ?»

«ሂንጎጉ! አይደርቅም! ክረምት ከበጋ እንዲሁ ነው። በዚያ ክፉ ድርቅ ጊዜ አገር ሲያልቅ እንኳ ይሄ አልደረቀም። ምን ቆመሽ ታይኛለሽ ኢንታላኮ? ጻፊ እንጂ! ጻፊው!»

ጻፍኩ። እሳቸው አጠገቤ ቆመው ብዕሬ ሲሄድ ያያሉ። የመንግሥት ሰው ወረቀት ይዞ እሳቸው ዘንድ ሲመጣ ወይ ሊለካ ወይ ሊያስፈርም ነበር፤ ሊያደንቅ የመጣች እኔ የመጀመሪያዋ ነበርኩ መሰለኝ። ቤት አስገብተው ወተት አጠጡኝ፤ ስነሣም መንገድ ድረስ ሸኙኝ።

ቢሮ ገብቼ ተየብኩት። «ክረምት ከበጋ የማይነጥፍ ንጹሕ የምንጭ ውሃ» አልኩ። የሆነ ነገር ጎደለብኝ። እኛ ቢሮ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ባዶውን አይቆምም፤ ወንዙም፣ ድንጋዩም፣ ሥራ ያጣው ወጣትም አንድ ቅጽል ይታከልበታል። እጄ ለምዶታል። «እስካሁን ጥቅም ላይ ያልዋለ» ብዬ ጨመርኩና አራት ነጥብ አደረግሁበት። ላሞቹ ሲጠጡ ካየሁ ሦስት ሰዓት አልሞላም። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም ጉቦ አልሰጠኝም። ቢሰጡኝ ኖሮ ዛሬ የማሳብበው ነገር አገኝ ነበር።

ኃላፊዬ ወደደው። መጽሔቱ ታተመ፣ እንግዶቹ መጡ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ። በዓመቱ የአንደኛው እንግዳ ድርጅት የውሃ ፈቃድ አወጣና ከምንጩ በላይ ያለውን ተዳፋት በቆርቆሮ አጠረው። የመቆፈሪያ መኪና መጣና ለሳምንታት ሲያጓራ ከረመ፤ ከዚያ ውሃ የሚጭኑ መኪኖች መመላለስ ጀመሩ። ክረምቱ ምንም ሳይታወቅ አለፈ። ከጥምቀት በኋላ ገንዳው መሙላት አቃተው፤ የካቲት ሲገባ ከድንጋዩ ሥር የቀረው እርጥብ ጭቃ ነበር።

አዛውንቱ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ ጫማቸውን አስጠርገዋል። የሄዱበትን ቢሮ ሁሉ ነገሩኝ፤ የተሰጣቸው መልስ አንድ ነው፤ ውሃው ተጠቃሚ እንዳልነበረው በሰነድ ተረጋግጧል። ሰነዱ የኔ መጽሔት ነው። ጋቢያቸው ሥር ይዘውት ነበር፤ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«ካሳ አልፈልግም» አሉኝ። «አንድ ማመልከቻ ጻፊልኝ። ይሄን ውሃ ላሞቼ ይጠጡት ነበር በይ። ከዚያ ከትልቁ ቧንቧቸው አንዲት ቀጭን ቧንቧ ወደ ገንዳዬ ይልቀቁልኝ። ሌላ ነገር የለኝም። ላሞቼ ከጠጡልኝ ይበቃኛል።»

ጻፍኩላቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የጻፍኩት ነገር የለም። የላሞቹን ብዛት፣ የገንዳውን ቦታ፣ ውሃው ስንት ትውልድ እንዳገለገለ አስገባሁ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ማን እንደጻፋት ግን አላስገባሁም።

በሳምንቱ ኃላፊዬ ጠራኝ። ማመልከቻው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ነበር። አልጮኸብኝም።

«አጻጻፍሽን አውቀዋለሁ። ይህንንም አንቺ ጻፍሽው፣ ፕሮፋይሉንም አንቺ ጻፍሽው። ውሸቱ የትኛው ነው?»

መልሴን ሳይጠብቅ ማመልከቻውን ወደ እኔ ገፋው።

«ፕሮፋይሉ ተሳስቷል ካልሽ በስምሽ ጽፈሽ ፈርሚ። ፈቃድ የተሰጠው በእሱ ነው፤ ተጠያቂ ሲፈለግ ስምሽ አለ ማለት ነው። አስቢበት» አለኝ።

አሰብኩበት። ባለቤቴ በዚያ ሰሞን ሥራ ፈትቶ ቤት ነበር የሚውለው፤ የምንኖረው በኔ ደመወዝ ነው። እውነት ለመናገር ግን ስለ ደመወዙ ያሰብኩት ኋላ ነው። መጀመሪያ የመጣብኝ እፍረት ነበር፤ እኚህ ሰው ፊት፣ ያ ወተት ሁሉ ከተጠጣ በኋላ፣ እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ፍርሃትና እፍረት ተጋግዘው አፌን ዘጉት።

ጉዳዩን የሚያይ ኮሚቴ ተቋቋመና ወደ ሸለቆው ወረድን። ሦስት የኮሚቴ አባላት፣ ኃላፊዬና ፎቶ የማነሣው እኔ ነበርን። ጎረቤት ገበሬዎች ዳር ዳር ተቀምጠዋል። ሰውዬው እንደ አገራቸው ወግ ለሰላም እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ቆመዋል፤ በዚያ ድርቅ ከየት እንዳገኙት አላውቅም። ላሞቹ ገንዳውን ከበው የደረቀውን እንጨት ይልሳሉ።

ሰብሳቢው «ምስክር አለዎት?» አላቸው።

«አለኝ። እሷ አይታለች። ላሞቼ ሲጠጡ እዚሁ ቆማ አይታለች። ተናገሪ ኢንታላኮ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ኃላፊዬ ስልኩን ነው የሚያየው። አዎ የምትል አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለገው፤ ሕፃን ልጅ የሚላት ቃል ናት።

«በሰነዱ ላይ እንደተገለጸው ነው» አልኩ።

ድምፄ ራሴን አስጠላኝ። ሰብሳቢው ሊጽፍ አቀርቅሮ «ማለት? ግልጽ አድርጊው እንጂ» አለኝ። ሰውዬው አዩኝ፤ ብዙ አልቆየም አስተያየታቸው። ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞሩ።

«ተዋት። ልጅ አላት፣ እንጀራዋ ነው። አታስጨንቃት» አሉ።

በዚያው አለቀ። አቤቱታቸው በማስረጃ አልተደገፈም ተባለ፤ ቀጭኗ ቧንቧ አልመጣችም። ለፋሲካ ሰው ከብት ሲፈልግ አራቱን ላሞች ሸጡ። ወተት ማምጣት ከማቆማቸው በቀር የነገሩኝ ነገር የለም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ልጄን የፓኬት ወተት አስለመድኳት። ሁለት ቀን አልጠጣም ብላ አለቀሰች፤ ከዚያ ጠጣች።

ግንቦት ላይ፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ውሃ የጫነ ቦቴ ሰፈራችን መጣ ተባለና ስድስት ጀሪካን ይዤ ወጣሁ። ሰልፉ እስከ መስጊዱ ደርሷል። አቀበቱን አንድ አህያ ሲመጣ አየሁ፤ ሁለት ባዶ ጀሪካን ተጭኖበታል፣ ከኋላው እሳቸው ናቸው። መጥተው ከኔ ቀጥሎ ቆሙ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«አካም ኦልቴ ኢንታላኮ? እንዴት ዋልሽ? ልጅሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት አባባ።»

በዚያው ድምፅ «ያንን ወረቀት ሁለት ቦታ አስነበብኩት» አሉኝ። «ክረምት ከበጋ የሚለው የኔ ቃል ነው። ያንን ስሰማ ማን እንደጻፈው ገባኝ። ቢሮሽ ስመጣም አውቅ ነበር። ሌላውን ግን እኔ አላልኩሽም።»

«አላሉኝም።»

«አለቃሽ ነው ያስጻፈሽ?»

የማምለጫ በር ከፈቱልኝ። አዎ ብል ያምኑኝ ነበር፤ ምናልባት ማመንም ይፈልጉ ነበር።

«አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ሲጻፍ እንደዚያ ነው የሚጻፈው አባባ።»

«ማን ነው እንደዚያ የሚጽፈው?»

«እኔ» አልኩ።

ሌላ አልጠየቁኝም። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ጀሪካኖቻቸውን ወደ ፊት ገፉ፤ የኔንም አብረው ገፉልኝ። ተራዬ ሲደርስ እርስዎ ይቅደሙ አልኳቸው። «ልጅ ያለው ይቅደም። እኔ የቀረችኝ አንዲት ላም ናት» አሉኝ። ቀደምኩ። ስድስቱንም ሞላሁ። አንዱን ትቼ ልሂድ የሚል ሐሳብ አልመጣልኝም፤ ቤታችን ውሃ ካጣ አሥር ቀን ሆኖት ነበር።

የእሳቸው የመጀመሪያው ጀሪካን ግማሽ ሲደርስ ውሃ የሚቀዳበት ጎማ ተንተፋተፈ። ቀጂው «አለቀ! ከዚህ በኋላ ሐሙስ!» ብሎ ጮኸ። ከኔ ልገልብጥልዎት ብዬ ብለምናቸው እጃቸውን አወዛወዙ፣ ግማሿን አህያው ላይ ጭነው ቁልቁለቱን ወረዱ።

ሐሙስን አልጠበቁም። ረቡዕ ጠዋት የመጨረሻዋን ላም ወደ ገበያ ሲነዷት በደጃችን አለፉ። ልጄ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥላ «የአባባ ላም! እማዬ፣ የአባባ ላም!» እያለች ጮኸች። እሳቸው ድምፁን ሰምተው ቀና አሉ። እኔ መጋረጃውን ዘጋሁት።