የተወቀረው የጠበል ዳር

እናቴ የወደቀችው ከጠበሉ ወጥታ ነጠላዋን ልትቀበለኝ እጇን ስትዘረጋ ነው። ከዚያ ጀምረህ ጻፍ። አንተ «ከልጅነትዎ ይጀምሩ» ትለኛለህ፤ ልጅነቴ ምን አለው? እንጨት፣ ውሃ፣ ከብት። የሁሉም ልጅነት ያው ነው። ይኼ ግን ሲያንገበግበኝ የኖረ ነገር ነው።

ጠበሉን ታውቀዋለህ፣ ቁልቁለቱን ስትጨርስ ከገደሉ ሥር ያለው። ያን ጊዜም ውሃው ከአለቱ ወርዶ ኩሬው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሰው እዚያ ገብቶ ይጠመቃል። ዳር ዳሩን የተደረደረው ድንጋይ ግን ስንት ዘመን ሰው ረግጦት እንደ ሳሙና ሆኗል። ላዩ ላይ አረንጓዴ ነገር ይለብሳል። ከድንጋዩ ካመለጥክ ደግሞ ጭቃው ይቀበልሃል። ወደዚያ የሚመጣው እንግዲህ ጤነኛ ሰው አይደለም። ያረገዘች፣ ዓይኑ የጠፋ፣ ወገቡ የያዘው ነው። ልድን ብሎ መጥቶ እግሩን ተሰብሮ የሄደም ነበረ።

እናቴ ዓይኗ ደክሟል። ብርሃንና ጥላ ትለያለች፣ ሰውን በድምፁ ታውቃለች፣ ከዚያ በላይ የለም። በወደቀች ጊዜ ዳሌዋን ተመታችና ክረምቱን ሙሉ መደብ ላይ ተኛች። በምርኩዝ ስትነሣ የመጀመሪያ ወሬዋ ምን ነበር መሰለህ?

«ለግንቦት ንግሥ እጠመቃለሁ። ስለት አለብኝ። በእግሬ ወርጄ በእግሬ እወጣለሁ።»

«እምዬ፣ ወንዶቹ በቃሬዛ ያወርዱሻል» አልኳት።

«በቃሬዛ የሚሸከሙኝ ቀን አለ። ያን ቀን አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ ዝም እላለሁ። እስከዚያ ግን እግር አለኝ።»

በቃ፣ ከዚያ ወዲያ እኔ ዕረፍት የለኝም። ወጥ ሳማስል ልቤ ጠበሉ ዳር ነው። እህል ሳበጥር የምሰማው እናቴ ስትወድቅ የጮኸችውን ነው። እናቴ ያለችው ነገር አይታጠፍም፤ እንኳን እኔ ያባቴም አንደበት አላጠፈውም። እንግዲህ እሷ ካልታጠፈች መለወጥ ያለበት ዳሩ ነው። ቄሱን ያዝኩ። ከቅዳሴ ሲወጡ እይዛቸዋለሁ፣ ከእርሻ ሲመለሱ እይዛቸዋለሁ።

«አንቺ ሴትዮ፣ መንገድ ልቀይር?» አሉኝ አንድ ቀን።

«አባ፣ ቢቀይሩም አገኝዎታለሁ።»

ቢያንገሸግሻቸው ነው መሰለኝ ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ። አንዱ የጥድ ግንድ እንደርድርበት አለ። ግንድ ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ይበሰብሳል፣ ከድንጋይ የባሰ ያዳልጣል። ሌላው አዲስ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይምጣ አለ፤ አዲሱም እኮ ይረገጥና አሮጌ ይሆናል። ያኔ ነው አንድ ግንበኛ ከሰቆጣ የተጠራው። በጎረምሳነቱ ጣሊያን ድልድይ ሲያሠራ ድንጋይ አቀባይ ነበረና ሲሚንቶ ያውቃል፤ የኩሬውን ዳር በሲሚንቶ ወለል ልሥራላችሁ አለ። ሲሚንቶውን የሰጠን ሰቆጣ ሱቅ ያለው እስላም ነጋዴ ነው። እናቴ በርበሬ ይዛለት ስትሄድ የኖረች ደንበኛው ናት፤ «የኔም እናት ከዚያ ውሃ ተወስዶላት ጠጥታ ድናለች» ብሎ ሰጠ። በአህያ ጭነን አመጣነው። ሰማዩ በዚያ ሰሞን ይጠቁራል፣ ይመለሳል፣ ይጠቁራል። ሲሚንቶ ጆንያው ውስጥ ውሃ ከነካው ድንጋይ ሆኖ ይቀራል ብለውናል። እኔ ከአህዮቹ ኋላ ደመናውን እያየሁ ነው የመጣሁት፤ አንገቴ እስኪያመኝ።

ግንበኛው መጀመሪያ አሸዋችንን አልቀበልም አለ። በመዳፉ አሸት አሸት አደረገና «ይኼ አፈር አለበት። አፈር ያለበት ሲሚንቶ ዓመት ሳይሞላው ይፈረፈራል» አለ። ወንዝ ወርደን አሸዋ በእንቅብ አጠብን። አሸዋ ሲታጠብ አይተህ ታውቃለህ? እኛም አይተን አናውቅም ነበር። ሴቱ ሁሉ እየሳቀ ነው ያጠበው።

ከዚያ ደግሞ ከቄሱ ጋር ጠብ። ግንበኛው ወለሉ ወደ ውጭ ዘመም ይበል ይላል፣ ውሃ እንዳይተኛበት። ቄሱ ደግሞ «ጠበል ወደ ሜዳ ፈስሶ ሰውና ከብት ሊረግጠው ነው? ወደ ኩሬው ይመለስ እንጂ!» አሉ።

«አባ፣ ወደ ኩሬው ከተመለሰ የሰውን የእግር እድፍ ይዞ ነው የሚመለስ። ከዚያ እርስዎ ያንን ያጠጡታል።»

በመጨረሻ ከወይራዎቹ ሥር፣ ማንም በማይረግጠው በኩል እንዲፈስ ተስማሙ።

ከፋሲካ በኋላ ነው የተሠራው። ሥሩን ቆፍረው ድንጋይ ጠቀጠቁበት፣ ሲሚንቶውን ከጠጠርና ከአሸዋው ጋር ለውሰው አፈሰሱት። ወለሉንም እንደ ጎመን መደብ ከፋፈለው፣ በየመካከሉ ክፍተት ትቶ። «መሰንጠቁ አይቀርም፣ ቢሰነጠቅ በዚህ በዚህ ይሰንጠቅ» አለ። መጨረሻ ላይ በቅጠል መጥረጊያ ላዩን ጫር ጫር አደረገው። እጁን ታጥቦ፣ «ማንም እንዳይነካው» ብሎ ከወንዶቹ ጋር ወደ እኛ ቤት ምሳ ወጣ። እኔ ማስተናገድ ነበረብኝና አብሬ ወጣሁ። ጠላ ስቀዳ ልቤ ታች ነው። የፀሐዩ ነገር አይወራም፣ የግንቦት ፀሐይ።

ታች የቀሩት ሴቶቹ ናቸው፣ አማቴም አብረው። አማቴ ቤታቸውን ብታይ! መደቡ፣ ጎታው፣ ግድግዳው፣ ሁሉ በእበት ተለቅልቆ፣ በወንዝ ጠጠር ታሽቶ የሚያብረቀርቅ። ሸካራ ነገር ካዩ ያማቸዋል። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ወለሉን ቆመው አዩትና «ይኼንን ነው ለንግሥ እንግዳ የምናሳይ? ምን ያለችው ናት ይኼን የለቀለቀች አይሉንም?» አሉ። ሴቶቹም እውነት ነው አሉ። ጠጠራቸውን አመጡ፣ ውሃ ረጩ፣ ተንበርክከው ዳር እስከ ዳር አለሰለሱት። በደንብ አድርገው! ከምሳ ስንመለስ መስታወት ሆኗል። እውነቴን ነው፣ የወይራው ጥላ ይታይበታል።

ግንበኛው ራሱን ያዘ።

«ምን አደረጋችሁ?»

«ጨረስንልህ» አሉት አማቴ። «አንተማ ዶሮ የጫረው አስመስለኸው ሄድክ። ማመስገን ነው።»

«እሜቴ፣ የጫርኩት እኮ እግር እንዲይዝ ነው! ይኼ ውሃ ሲነካው ማን ይቆምበታል?»

«በደንብ ሠሩልኝ ብሎ የሚቆጣ ዛሬ አየሁ። ጣሊያን እንዲህ ነው ያስተማረህ?»

መጥረጊያውን አንሥቶ ቢሞክር አልተጫረም። ፀሐዩ አድርቆታል። ሌላ ሲሚንቶ እንዳይደርብበት አልቋል፤ ነጋዴው ዘንድም የለም፣ መኪና እስኪመጣ ድረስ ይጠበቃል። መኪናው ደግሞ መንገዱ ሲመቸው ነው የሚመጣ። ግንበኛው «እንግዲህ ከንግሡ በኋላ ሰብረን እንደገና እንሠራለን» አለ። እስከዚያ ጭድ ለብሶ በየቀኑ ውሃ ይጠጣ አለን፤ ሲሚንቶ ሳይጠጣ ከደረቀ ይሞታል።

ከንግሡ በኋላ! ለሌላው ሰው እሺ። ለኔስ?

ውሃ ማጠጣቱን እኔ ያዝኩ። ማንም ያዘዘኝ የለም። እወርዳለሁ፣ አጠጣለሁ፣ ጭዱን ገለጥ አድርጌ በጣቴ እነካዋለሁ፤ ይሸክር ይሆን ብዬ። ሞኝነት ነው። ሲሚንቶ በጸሎት አይሸክርም። እየቆየ ድንጋይ ሆነ። ጭዱ የተነሣ ቀን ቄሱ «እስቲ እኔ ልባርከው» ብለው በእርጥብ እግራቸው ረገጡት። ጃንጥላቸው ወደዚያ፣ እሳቸው ወደዚህ! ዲያቆናቱ ሊያነሷቸው ሄደው አብረው ተቀመጡ። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ቄሱ ወፍራም ናቸው፣ ተነሡ። እናቴ ብትሆንስ?

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። «አየሽ? ቄሱ እንኳ ወደቁ። ዘንድሮ ይቅር።»

«ምኑ ነው የጣላቸው?»

«ሙልጭልጭ ብሏል አልኩሽ እኮ።»

«ውሰጂኝ። በእጄ ልየው።»

«አልወስድሽም።»

ምርኩዟን ፈልጋ ተነሣችና በሩን ወጣች። ምን ላድርግ? ሮጬ ያዝኳት። ቁልቁለቱን ስንወርድ በኽምጣኛ ታጉረመርማለች፤ ስትናደድ አማርኛው ይጠፋባታል። ታች ስንደርስ ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ቆመዋል፣ ግንበኛውም የሚፈርሰውን ሊለካ መጥቷል፣ አማቴም አሉ፤ ከዚያ ከምሳው ቀን ጀምሮ ሰው ቀና ብለው አያዩም። እናቴ ከወለሉ ዳር ቁጢጥ አለች። መዳፏን ዘርግታ ወዲያ ወዲህ አደረገችው። እኔ በጎኗ ቆሜ ቀሚሷን ይዣለሁ።

«ይኼ እኮ ያለቀ ወፍጮ ነው» አለች።

ፊቷን ወደ ሴቶቹ ድምፅ አዞረች።

«ወፍጮ ሲልም ምን ታደርጋላችሁ? ትሰብሩታላችሁ? ትወቅሩታላችሁ እንጂ! እዚህ አገር ወፍጮ የምትወቅር ሴት ጠፋች?»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወፍጮ መውቀር አንተ አታውቀውም፣ ዛሬ ሰቆጣ የሞተር ወፍጮ አለ። ያን ጊዜ የእጅ ወፍጮ ሲፈጭበት ይልምና እህሉ ይንሸራተታል፤ በጠንካራ ድንጋይ ጠቅ ጠቅ ጠቅ አድርገን እናሸክረዋለን። የማትወቅር ሴት ዱቄት የላትም።

ግንበኛው «ይሰነጠቃል» አለ። ቀጥሎ ተንበርክኮ በመዶሻው እጀታ መታ መታ አደረገና ጆሮውን አስጠጋ። «ጠርዙን ካልነካችሁ፣ አመታቱም ቀላል ከሆነ... እንጃ። ሞክሩት።»

መውቀሪያ ድንጋያችንን ይዘን ወረድን። እያንዳንዷ አንድ አንድ ክፍል ያዘች። ጠቅ ጠቅታው ከገደሉ ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ ከላይ ያለ ሰው ምን መጣ ብሎ ወጥቶ ያያል። ግንበኛው በመካከላችን እየዞረ «ጠርዙን! ጠርዙን ተይ!» ይላል። ያቺን ለውሃው የምትቀርበዋን፣ እናቴ የወደቀችባትን ክፍል አማቴ ያዙ። አቧራው ነጠላቸውን አመድ አስመስሎታል፣ አያራግፉም። ወቅረን ስንጨርስ እጃችን አብጧል፣ ወለሉ የፈንጣጣ ፊት መስሏል። ያ ሁሉ ያማረ ሥራ! አማቴ አንዴ አዩትና ተነፈሱ። የተሰነጠቀ ግን አልነበረም።

ንግሡ ደረሰ። ዋዜማውን ዘነበ። እኔ ምን እንደበላሁ አላውቅም። በማግስቱ ሰዉ ከየአገሩ፣ ከጽጽቃ ሳይቀር መጥቶ ገደሉን ሞልቶታል። የሴቶቹ ተራ ሲደርስ እናቴን በክንዷ ይዤ አወረድኳት። ወለሉ ጋ ስንደርስ ቆመች።

«ልቀቂኝ።»

«እምዬ...»

«ልቀቂኝ አልኩሽ።»

ለቀቅኋት። እጄ ግን አየር ላይ ቀረ፣ ከኋላዋ። ምርኩዟንም ለኔ ሰጠችኝ። ባዶ እግሯን አስቀደመች፣ ጣቶቿን ዘርግታ እንደ እጅ ዳበሰችበት፣ ረገጠች። ውሃ አለበት፣ ሰው ሁሉ ወጥቶበታል። እግሯ አልተንሸራተተም። ሁለተኛውን እግሯን አመጣች። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? መፍረድ ጀመረች!

«ይኼ የማን ነው? ሰነፍ ናት። መሀሉን ወቅራ ጎን ጎኑን ትታዋለች።» ሴቶቹ ሳቁ፤ አንዷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «ይኼ ደግሞ ደህና ነው፣ ይኼ ባል የምታጠግብ ሴት ነው።» ሳቁ ባሰ። እኔ ሳቁ እንዲያባራ ነው የምፈልገው፣ ብትስቅና ብትንገዳገድስ? ውሃው ጫፍ ደረሰች። ያቺ ክፍል። ቆመች፣ እግሯን ሁለት ሦስቴ አሸት አደረገች።

«ይኼ የአማትሽ ነው።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ጥቅጥቅ ያለ ነው። አልቅሰው ነው የወቀሩት።»

አማቴ ከኋላ ነበሩ፣ ሰምተዋል። እናቴም ወደ ውሃው ገባች።

ጠበሉን ሲያፈሱባት ቆየች። ስትወጣ በዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው አኳኋን፣ ነጠላውን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። ዓይኔን ልጨፍን አልኩ። ነጠላውን ያዘች፣ ተጠቀለለች፣ ጫፉን ትከሻዋ ላይ ጣለች። እግሯ ከተተከለበት አልተነቃነቀም። ምርኩዟን ስሰጣት እጄ ይንቀጠቀጥ ኖሮ እሷ ዳበሰችው።

«የተጠመቅሁት እኔ፣ የበረደሽ አንቺ!» አለችና፣ እኔን ትታ ቀድማኝ ወጣች።