ሻጋታ የመሰለኝ ሱፍ

ሥራ የጀመርኩት በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ሲያትል አጠገብ ዋይት ሴንተር የሚባል ሰፈር ባለች አንዲት የጫማና የቆዳ መጠገኛ ሱቅ ነው። ባለቤቱ ጋሽ ተወልደ ኤርትራዊ ናቸው፤ ያደጉት ግን አዲስ አበባ ነው። እንጀራቸው ጫማ ነው፤ ልባቸው ግን ግድግዳው ላይ በደረደሯቸው የራስ ቁሮች ላይ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሠራተኞች ያጠለቋቸው ናቸው፤ አንዳንዱ ቆዳ፣ አንዳንዱ ብረት። እሳቸው ይሰበስባሉ፣ የሌሎች ሰብሳቢዎችንም ይጠግናሉ።

እኔ አገር ቤት ጫማ ፋብሪካ ስድስት ዓመት ቆዳ ሰፍቻለሁ። እጄን አምን ነበር፤ ትንሽም ከልክ በላይ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አንድ የብረት ቁር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«የአገጭ ማሰሪያው ተበጥሷል። አዲስ ቆዳ ቁረጪና በሰም ክር ስፊው። የሚስተር ሃሮልድ ነው፤ ራሳቸው ጦርነት ላይ ያደረጉት። እኔ ሊንውድ ሄጄ ፒክ አፕ የማደርገው ዕቃ አለ፤ ኦኬ?» አሉና ወጡ።

ማሰሪያውን በአንድ ሰዓት ጨረስኩ። ስፌቱ ዛሬም ባየው አላፍርበትም። ከዚያ ቁሩን አገላብጬ አየሁት። ላዩ በሙሉ አረንጓዴ ጸጉር ነገር ለብሷል፤ አናቱ ላይ ብቻ መዳፍ የሚያህል ተመልጦ ብረቱ ይታያል።

ሲያትል ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። የተከራየሁት ምድር ቤት እርጥብ ስለነበር ጫማዬም ቦርሳዬም ያለማቋረጥ ይሻግታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራዬ እሱን መፈግፈግ ነው። ይሄም ያው ሻጋታ ነው አልኩ። የተመለጠው ቦታ አንድ ሰው ማጽዳት ጀምሮ የተወው መሰለኝ። የሽቦ ብሩሽ አነሳሁና ከዚያው ቀጠልኩ። ስጨርስ በዘይት ወለወልኩት።

ጋሽ ተወልደ ተመልሰው ሲያዩት የያዙት ካርቶን ከእጃቸው ወደቀ።

«ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«ሻጋታውን አነሳሁልዎት።»

«የምን ሻጋታ?» ከግድግዳው ተመሳሳይ ቁር አውርደው በእጄ አስነኩኝ። «ሱፍ እኮ ነው። ፋብሪካው ነው በሙጫ ያለበሰው። የሰማይ ላይ ብርድ አይጣል ነው፤ በባዶ እጅሽ ብረት ከነካሽ ቆዳሽ ተጣብቆ ነው የሚቀረው።»

 ያስነኩኝን ቁር አነሳሁ።

«ይሄኛውን ብንሰጣቸውስ?» አልኩ።

«ሰውዬው ያውቁታል። አሁን ኮል አድርጌ እጠራቸዋለሁ። የምታስረክቢው ግን አንቺ ነሽ።»

ሚስተር ሃሮልድ በከዘራ እየተመሩ መጡ፤ ዓይናቸው ጠፍቷል። ቁሩን ተቀብለው በእጃቸው ዳሰሱት። አውራ ጣታቸው አናቱ ላይ ዞረ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ዞረ።

«መላጣው ቦታ የት ሄደ?» አሉ።

በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳቸው።  ከዚያ እሳቸው ደግሞ ነገሩኝ። አውሮፕላናቸው ላይ ጭራ በኩል የሚተኩስ ጓደኛ ነበራቸው። ሊነሱ ሲሉ ሁልጊዜ ዕድል እንዲቀናቸው ብሎ ቁራቸውን በመዳፉ ያሸው ነበር። ሱፉ የተመለጠው በእሱ እጅ ነው። አንድ ቀን አውሮፕላኑ ተመትቶ ሲመለስ ጓደኛው ሞቶ ነበር። ከእሱ የቀራቸው ያ የተመለጠ ቦታ ብቻ ነው።

የሰው መዳፍ በሽቦ ብሩሽ መፈግፈጌን ያን ጊዜ አወቅሁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጡም። ጣታቸውን ዘረጉልኝ።

«ስለማላይ በጣቴ ነበር የማገኘው። መጨረሻ ላይ ያየሽው አንቺ ነሽ። የት ጋ ነበር?»

ጣታቸውን ይዤ አናቱ ላይ አሳረፍኩት። ብረቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖብኛል፤ ቦታው እሱ ይሁን አይሁን እውነቱን ለመናገር አላውቅም። እሳቸው ግን «አዎ» አሉና መዳፋቸውን እዚያ አደረጉ።

ጋሽ ተወልደ አላባረሩኝም። እዚያው ሱቅ አሥራ ሁለት ዓመት ሠራሁ። አሮጌ ዕቃ ሲመጣልኝ ባለቤቱን ሳልጠይቅ ብሩሽ አላነሳም።