አክስቴ ያጠበችው ግድግዳ

አክስቴን ሰፈሩ «እትዬ መጥረጊያ» ይላታል። ስሙ የወጣላት ለማሾፍ ነበር፤ እሷ ግን እንደ ሹመት ተቀበለችው። እንግዳ ብርጭቆውን ሳይጨርስ ከእጁ ወስዳ የምታጥብ ሴት ምን ትባል ታዲያ?

የተወለደችበት የድንጋይ ቤት በመንገዱ ላይ ካሉት ሁሉ የቆየ ነው። ወንድም እህቶቿ ተራ በተራ አግብተው ሲወጡ፣ እሷ እናቷን፣ አያቴን፣ ስትጦር እዚያው ቀረች። አያቴ ሲሞቱ ቤተሰቡ ተመካክሮ ቤቱን ለከተማው ሙዚየም ሰጠ፤ የድሮ ሰው እንዴት ይኖር እንደነበር ሊታይበት ነው። አክስቴ ጠባቂ ሆና በጓሮ ባለችው ክፍል እንድትኖር ተፈቀደላት። ከዚያ ሌላ መጠጊያ የላትም።

ሙዚየሙ የላካት የቅርስ ባለሙያ ቆፍጠን ያለች ወጣት ነች። ጣሪያው ሲጠገን፣ መስኮቱ ሲታደስ ከሠራተኞቹ አትለይም፤ አክስቴም እንደ ልጇ ወደደቻት። አንድ ነገር ብቻ ከነከናት። ልጅቷ ያንን ሁሉ ሳሎን ትታ የምትወደው ኩሽናውን ነው። የምድጃው ጭስ ግድግዳውን እስከ ጣሪያው አጥቁሮታል።

«እትዬ፣ አደራ፣ ይህን ማንም እንዳይነካው» አለቻት።

አክስቴ እሺ አለች። ሙዚየሙ ሊመረቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሰዎቹ ምሳ ሲወጡ ጠብቃ፣ በሳሙናና በብሩሽ ግድግዳውን ፈተገችው። እንዲያው ምን ዓይነት ክንድ ነው የሰጣት!

ጉድና ጅራት ወደ ኋላ ነው። ለምርቃቱ ወንበር ሳመላልስ ነበርና ጩኸት ሰምቼ ኩሽና ስገባ፣ የሙዚየሙ ኃላፊ መሃል ላይ ቆሟል፤ ባለሙያዋ ባልዲው አጠገብ ቁጭ ብላለች።

«የሚያጠፋ ጠባቂ አያስፈልገንም» አለ ኃላፊው። «ክፍሉን ይልቀቁ።»

ልለማመጥ ብዬ «ጌታዬ፣ አሮጊት ናት፣ ሳታውቅ ነው» አልኩ።

«አንተ ዝም በል» አለችኝ አክስቴ። «አውቄ ነው።» ከዚያ ወደ እነሱ ዞረች። «እናቴ በዚህ ጥላሸት እንዳፈረች ነው የሞተችው። ሰው ሲመጣባት የኩሽናውን በር በጀርባዋ ደግፋ ነበር የምታወራው። ውሃው ከስንት ርቀት ተቀድቶ፣ ልጅ ይጠጣ ወይስ ግድግዳ ይታጠብ? እናንተ ደግሞ ገመናዋን ለአገር ልታሳዩባት! ዓይኔ እያየ አይሆንም። ከፈለጋችሁ አስወጡኝ።»

ባለሙያዋ ቀስ ብላ ተነሳች።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ቆሻሻ ብዬ አላየሁትም» አለች። «ሳየው የነበረው እናትዎ ስንት ዘመን ለልጆቻቸው እሳት እንዳነደዱ ነው። እጃቸው ነበር ለኔ።»

አክስቴ ግድግዳውን አየችው። ብሩሹ ከእጇ ወደቀ።

«አሁን ነው የምትነግሪኝ?» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። እናቷ ስትቀበር እንኳ እንዲያ ስታለቅስ አላየኋትም። ልጅቷም አብራ አለቀሰች፤ እኔም ባልዲውን ልደፋ ነው ብዬ ወጣሁ።

ስመለስ ሁለቱ ቀና ብለው ጣሪያው ሥር ያያሉ። የአክስቴ እጅ ያልደረሰበት አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ጥቁር እንደሆነ ቀርቷል። ባለሙያዋ ኃላፊውን ለመነችው፤ ያ ቦታ በመስታወት ይከለል፣ ጠባቂዋም ትኑር፤ ከእሷ በላይ የሚጠብቀው የለም አለችው። እያጉረመረመ እሺ አለ። ከሥሩ የሚለጠፈውን ጽሑፍም ራሱ ጻፈ፦ «የጥንት ምድጃ ጥላሸት»።

«እሱን ካልቀየራችሁ አልኖርም» አለች አክስቴ።

«ምን ተብሎ ይጻፍ?»

«ስምንት ልጆች እዚህ በልተው አደጉ በል።»

ኃላፊው ብዕሩን ይዞ አመነታ። «ስለ ጥላሸቱ እኮ ምንም አይልም» አላት።

«ጥላሸቱ እኮ እሱ ነው፣ ልጄ» አለችው።