ለአያ ደምሌ ያላሳየኋቸው ፎቶ

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ባሕር ዳር ውስጥ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ያን ቀን ስለ አንዲት ፎቶ ዋሸሁ። ውሸቷ ትንሽ ነበረች፤ ሰው ልትገድል ግን ጥቂት ነው የቀራት።

የአጎቴ ልጅ ፎቶውን እዚያው አትሞ የሚተፋ አሮጌ ካሜራ ከነፊልሙ ሰጥቶኝ ነበር። ፊልሙ ጊዜው ካለፈ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እንዲህ ያለ ፊልም ቀለሙ ይደበዝዛል፤ የት ላይ ቡናማ፣ የት ላይ ነጭ እንደሚጥል አይታወቅም። ለእኔ ውበቱ እሱ ነው። ቀኑ ያለፈ ክኒን ሳይ የምጮኸው ሴትዮ፣ በዚህ በኩል ምንም አይጨንቀኝም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ፎቶ ብቻ ቀርቶኝ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። አያ ደምሌ የሚባሉ ዓሣ አጥማጅ የደንገል ታንኳቸውን ሊገፉ ሲሉ ደረስኩ። ጠዋት የጣሉትን መረብ ሊያነሡ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ውዴ አጠገባቸው ቆመዋል። ዓሣ ስለምገዛቸው ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። አስፈቅጄ አንድ አነሣሁ።

ፎቶው ቀስ እያለ ወጣ። ታንኳው አለ፣ ውኃው አለ። ከአያ ደምሌ ደረት በላይ ግን ወተት የፈሰሰበት ይመስል ነጭ ነው።

"ፊቱስ?" አሉ እትዬ ውዴ። "ኧረ ፊቱ የለም! ደምሌ፣ ይኸ ምልኪ ነው። ዛሬ አትገባም።"

"መረቡን ማን ያንሣልኝ?" አሉ እሳቸው። ግን እግራቸው ቆመ።

ሳቄ መጣ። ፊልሙ እንደ መድኃኒት ጊዜው እንዳለፈበት አስረዳኋቸው። ልባቸው እንዲያርፍ ብዬም የመጨረሻዋን አነሣሁ። ምነው እጄን በሰበረው!

ይህችኛዋን ጀርባዬን ሰጥቼ ነው ያየኋት። ውኃው ሞገዱ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጥቷል። ሰውየውም ታንኳውም የሉም። በቦታቸው ጥቁር ቡናማ እድፍ ተኝቷል፤ ከእድፉ በላይ የመቅዘፊያው ጫፍ ብቻ ቀጥ ብሎ ይታያል። ይችን ካዩማ ጨርሰው ይፈራሉ አልኩ በልቤ። ቶሎ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳትና "ይቺ ጭራሽ አልወጣችም፤ ፊልሙ ሞቷል አልኳችሁ እኮ" አልኩ።

"እንግዲህ ዶክተሯ ካለች" አሉ እትዬ ውዴ። አያ ደምሌ ቦርሳዬን አየት አድርገው ፈገግ አሉና ታንኳቸውን ገፉ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነፋሱ ተነሣ። በዘጌ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ሌሎቹ ታንኳዎች አንድ በአንድ ተመለሱ፤ የአያ ደምሌ የለም። እትዬ ውዴ አልጮኹም። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ክንዴን ጨብጠው "እመብርሃን፣ እመብርሃን" እያሉ ቆሙ። ልንገራቸው ብዬ ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ፈራሁ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ባለ ሞተር ጀልባ የያዙ ሰዎች አመጧቸው። የተገለበጠው ታንኳቸው ላይ ተጣብቀው ነው ያገኟቸው። መረቡም ታንኳውም እዚያው ቀረ። አያ ደምሌ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ መናገር አቅቷቸው ነበር።

በሳምንቱ እትዬ ውዴ ገበያ ሳሉ ቤታቸው ሄድኩ። ፎቶዋን አውጥቼ ሰጠኋቸውና ይቅርታ ጠየቅኩ። አያ ደምሌ ብዙ ጊዜ አገላብጠው አዩዋት።

"ስትደብቂያትማ አይቼሻለሁ" አሉ። "አምሮብኝ ብወጣ ነው፣ ያማረችውን ለራሷ አስቀረች ብዬ ደስ ብሎኝ ገባሁ። ይችን ብታሳይኝ ኖሮ እግሬንም ውኃ ባላስነካሁ።"

ከዚያ ፎቶዋን መለሱልኝና "ለውዴ እንዳትነግሪያት" አሉኝ።

ምልኪ ዛሬም አላምንም። ያን ቀን ለመግባትም ለመቅረትም ግን ውሳኔው የእሳቸው ነበር፤ እኔ ነጠቅኳቸው። ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እትዬ ውዴ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ጉንጬን ስመው "ያን ቀን አንቺን ከጎኔ ያቆመ አምላክ ወልደሽ ሳሚ ይበልሽ" ይሉኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ አሜን እላለሁ።