እትዬ እናኑ ያላኖሩት ድንጋይ

ቆቦ ላይ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዳይሬክተሩ ሦስት ነገር አስረከቡኝ፤ የጠመኔ ሳጥን፥ ፊሽካና ድንጋይ ክምሩን። ጠመኔውም ፊሽካውም ገባኝ። ድንጋይ ክምሩ ምን እንደሆነ ብጠይቅ፥ «ታሪክ የያዘ መምህር በየዓመቱ ልጆቹን ጦር ሜዳ ያስጎበኛል፤ እንግዲህ ያንቺ ነው» አሉኝ። ከደሴ የወረድኩ፥ የቆላው ሙቀት ያዞረኝ ልጅ ነበርኩ። እሺ ከማለት በቀር ምን እላለሁ?

ሜዳው ከዋጃ ወጣ ብሎ ነው። በጣሊያን ጊዜ ከሩቅ የአገራችን ክፍል የመጡ የኛን ዘማቾች የጠላት አውሮፕላን የፈጀበት ቦታ ነው። ቀባሪ ዘመድ አልነበራቸውም። የአገሬው ሰው ባለፈ ባገደመ ቁጥር አንዳንድ ድንጋይ እያኖረላቸው ክምሩ ከሰው ቁመት በልጧል።

ሥራው ሥርዓት አለው። የምንሄደው ከእርሻ ልማት በምንዋሰው ኤንትሬ የጭነት መኪና ነው። ትንንሾቹ ወደ ጋቢናው ጠጋ ብለው ይቀመጣሉ፤ ረጃጅሞቹ ከኋላ በኩል ይይዛሉ። ሲሳፈሩ ስም እጠራለሁ፥ ሲወርዱም እጠራለሁ። ከሜዳው በፊት ያለው ደረቅ ወንዝ ላይ አስቆምና እያንዳንዱ ልጅ ጡጫውን የሚያህል ድንጋይ ያነሳል። ከዚያ በፊሽካ ሁለት ሁለት ሆነው ይሰለፋሉ።

ክምሩ ዘንድ የሚጠብቁን አባ ይማም ናቸው። ማሳቸው እዚያው ሥር ነው፤ አውሮፕላኑንም በልጅነታቸው አይተውታል። ተናግረው አይጠግቡም። አንዱ ልጅ ድንጋዩን ሊወረውር ሲቃጣ እጁን ይይዙትና፥ መወርወር ለውሻ ነው፥ ጎንበስ ብለህ አኑር ይሉታል። ክርስቲያኑ ነፍስ ይማር፥ እስላሙ አላህ ይዘንለት እያለ ያኖራል።

ሞላ የሚባል ስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ። ቀልቃላ ነው፤ ሳይጠይቅ ውሎ አያድርም። እናቱ እትዬ እናኑ ጎብዬ ገበያ ማሽላ እየቸረቸሩ ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። እኔ የጦሩን አሰላለፍ በዱላ መሬት ላይ እየሣልኩ፥ ይህን ያህል ሰው አለቀ እያልኩ ሳስረዳ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፥ መሞታቸውን ለእናቶቻቸው ማን ነገራቸው?»

ማንም አልነገራቸውም አልኩት። ወደ ወንዙ ተመልሶ ሮጠና ሁለተኛ ድንጋይ ይዞ መጣ። «ይኼ የእናትየዋ ነው» ብሎ ከመጀመሪያው ጎን አኖረው። አባ ይማም ራሱን ዳበስ አደረጉት።

ሞላ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ የደርግ የውትድርና አፈሳ መጣ። የቅዳሜ ገበያ ነበር። ማሽላ ጆንያ ሊያወርድላቸው ከእናቱ ጋር ጎብዬ ሄዶ፥ ገበያው ሲከበብ ከጆንያው አጠገብ አንስተው ወሰዱት። እትዬ እናኑ መኪናው ኋላ እስከ አስፋልቱ ጫፍ ሮጠዋል። ሰኞ ስም ስጠራ ዴስኩ ላይ አብሮት የሚቀመጠው ልጅ አንገቱን ደፋ። የሚሠራ እጅ ነበረኝ፥ የሚናገር አፍ ነበረኝ፤ አንዱም አልረባው። ወደ ሰሜን ሄደ ከተባለ ወዲያ ድምፁ ጠፋ።

ዓመት አለፈ፥ ሌላም ተጨመረ። የሄዱት ልጆች እናቶች ሁሉ እንደዚያው ናቸው። መርዶ የሚያረዳ የለም። አንዷ ሆዷ ባብቶ ድንኳን ልትጥል ብትነሳ ካድሬው መጥቶ፥ ማን ሞተ አለሽ፥ ልጅሽ ግዳጅ ላይ ነው፥ ወሬ አትንዢ ብሏት ሄደ። ሞተ ብለው እንዳያለቅሱለት፥ አለ ብለው እንዳይጠብቁት፤ እንዲህ ያለ ጉድ አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን እትዬ እናኑ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አልለበሱም፤ እንደ ደህና ሰው ነው የለበሱት።

«ልጄ፥ ልጆቹን የምትወስጂበት ቦታ እኔንም ውሰጂኝ» አሉኝ።

«እትዬ፥ እሱ እኮ የድሮው ጦር ሜዳ ነው። ሞላ የሄደው ወዲያ ነው።»

«አውቃለሁ። የነዚያስ እናቶች መች እዚህ መጡ? የኛ ልጆች አኖሩላቸው። እኔ ለሌላ እናት ልጅ ባኖር፥ እዚያ ያለችው እናት ለኔ ታኖርልኝ ይሆናል።»

ዳይሬክተሩ ዘንድ ገብቼ ነገርኳቸው። መኪናው የተፈቀደው ለተማሪ ብቻ እንደሆነ፥ ካድሬው ቢሰማ ለሁለታችንም እንደማይበጅ አስረዱኝ። ልወጣ ስል ጠሩኝና፥ «ውኃ የሚያቀርብ ሰው ያስፈልግሻል አይደል? ጀሪካን አሸክመሽ ውሰጃቸው» አሉኝ። እግዜር ይስጣቸው።

እትዬ እናኑና ሌሎች ሁለት እናቶች ጀሪካናቸውን ይዘው ከልጆቹ ጋር ተሳፈሩ። ወንዙ ላይ እነሱም ወርደው ድንጋይ አነሱ። እትዬ እናኑ አንዱን ያነሳሉ፥ ይጥላሉ፥ ሌላ ያነሳሉ፤ ገበያ ላይ እህል የሚመርጡ ይመስላሉ። በመጨረሻ ለስላሳ ክብ ድንጋይ ያዙ።

ልጆቹ አኖሩ። ሁለቱ እናቶችም አኖሩ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ያለ ድምፅ አለቀሱ። እትዬ እናኑ ግን ክምሩ ሥር ቆመው ቀሩ። አባ ይማም ጠጋ አሉና፥ «አብሽሪ እህቴ፥ ጎንበስ በይ» አሏቸው።

«ይህን ካኖርኩ ልጄ ሞተ ማለት ነው?»

አባ ይማም፥ እኒያ ተናግረው የማይጠግቡት ሰው፥ ከክምሩ የተንከባለለ ድንጋይ አንስተው ወደ ቦታው መለሱ። በኋላ፥ «ወላሂ አላውቅም። እኔ የማኖረው መሞታቸውን ላየኋቸው ነው» አሉ።

እትዬ እናኑ ድንጋዩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ፊሽካ ነፋሁ፥ ስም ጠራሁ፥ ተሳፈርን። እስከ ቆቦ ድረስ ጭናቸው ላይ ይዘውት ነበር።

ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ወታደሩ በአስፋልቱ በእግሩ ወረደ፤ የተራበ፥ የቆሰለ፥ ጫማ የሌለው። እትዬ እናኑ ውኃ ይዘው መንገድ ዳር ተቀመጡ። የሚያልፈውን ሁሉ አጠጥተው ሞላን ታውቀዋለህ ወይ ይላሉ። ጎረቤት ላም አለኝ በሰማይ ሆነባቸው እያለ ያማቸው ነበር። እኔም ከጎናቸው ተቀምጬ ውዬ አውቃለሁ። የሚያውቀው አልተገኘም።

ሲሞቱ ድንጋዩ አልጋቸው ሥር ተገኘ። ለቀስተኛው ምን እናድርገው ብሎ ለኔ ሰጠኝ። ወደ ክምሩ ልወስደው ተነሳሁ፥ እጄ እምቢ አለ። እሳቸው ያላኖሩትን እኔ ምን አውቄ ነው የማኖረው? ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ድንጋዩ እስከ ዛሬ ቤቴ ነው።

ለወጣት መምህራን ከሥራዬ የማስተላልፈው አንድ ነገር ነው። ልጆችን ጦር ሜዳ ስትወስዱ፥ ስንት ሰው እንደሞተ ከመንገራችሁ በፊት ለሟቾቹ እናቶች ማን እንደነገራቸው ንገሯቸው። ማንም ካልነገራቸውም፥ ማንም አልነገራቸውም በሏቸው።