እደጃችን የታሰረችው ላም

ሬዲዮው ስለ ምዕራብ አፍሪካ ፉላኒ ከብት አርቢዎች ሲያወራ መካነ ሰላም አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ ያለው ጎረምሳ «ዘላን መቼም ዘላን ነው፤ የሰው እህል ላይ ከብት ሳይለቅ አያድርም» አለ። አገሩን አያውቀው፣ ሰዎቹን አላያቸው! ዝም ማለት አልፈጠረብኝምና የእናቴን ነገር ነገርኩት። በእናቴ እንደምኮራ የማያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ የለም፤ ካለም ይስማ።

ነገሩ የሆነው አባታችን በሞተ በጥቂት ዓመቱ ነው። እናቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ማሳችን ስንዴ ዘርታ ነበር። በጋ ሲገባ ቆለኞች ከዓባይ በረሃ ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ እኛ ይወጣሉ። አጨዳ ሲያልቅ ከብቶቹ ማሳው ላይ የቀረውን ይግጣሉ፤ ለእኛም ፍጋቸው ይተርፈናል። በዚያ ዓመት ግን ቆላው ቀድሞ ደረቀና እነሱም ቀድመው መጡ። አንድ ማለዳ ስንዴያችን ግማሹ ተበልቶ፣ ግማሹ ተረግጦ አገኘነው። የዓመት ጉርሳችን ነበር። እናቴ ማሳው ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በሩን ስንከፍት የማናውቃት ላም ከነጥጃዋ አጥራችን ላይ ታስራ ቆማለች።

መንደሩ ተሰበሰበ። ማን አሰራት፣ ለምን አሰራት ብሎ የጠየቀ የለም፤ መልሱን ሁሉም ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የወጣ ይመስል። «ተንኮል ናት! ከብቴን ሰረቃችሁኝ ብሎ ሊመጣብን ነው። ቆለኛን የማያውቅ ይመነው!» አሉ። ከሳዑዲ የተመለሰው ታላቅ ወንድሜ ክላሹን አንግቶ በሩ ላይ ቆመ። «ይምጣና በእግሩ ከተመለሰ ምን አለ በሉኝ!» አለ። ወንድሜ ዝቶ የሚቀር ሰው አይደለም።

እናቴ ዓይኗ ያረፈው የላሟ ጡት ላይ ነው። «ኧረ አላህን ፍሩ፣ ጡቷ ተወጥሮ እያያችሁ?» ብላ ጥጃውን ለቀቀችው። ትንሽ ካስጠባች በኋላ ቅል አስመጥታ አለበቻት። «አበደች! በቃ፣ ሌብነታችን ተመሰከረ» ብለው ጎረቤቶቻችን ራሳቸውን ያዙ።

አልባ ቀና ስትል አንድ ቆለኛ ሽማግሌ ብቻቸውን መጡ። ዱላ እንኳ አልያዙም።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ ከሩቁ።

የመለሰችላቸው እናቴ ብቻ ናት። «ወአለይኩም ሰላም።»

«ስንዴዎን የበሉት የኔ ከብቶች ናቸው። ድካም ጥሎኝ ነው እንጂ አውቄ አልለቀቅኋቸውም። በእኛ ዘንድ ያጠፋ ሰው ደጅ ይቆማል፤ ያጠፋው ከብት ከሆነ ላሚቷ ቀድማ ትቆምለታለች። ባለማሳው ካለባት ሊያነጋግረን ፈቅዷል ማለት ነው። ካሳውን ሽማግሌ ይቁረጥ፤ እከፍላለሁ።»

«ውሸታቸውን ነው!» አለ ወንድሜ፤ ክላሹን ከትከሻው አወረደ።

እናቴ ቅሉን እንደያዘች መሐላቸው ገባች። «ካሳውንማ ይከፍሉኛል» አለቻቸው ለሽማግሌው፤ ስንዴዋን የምትተው ሴት አይደለችም። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረች።

«ሳዑዲ ‹ሐበሻ ሁሉ ሌባ ነው› ብለው ከሥራ ሲያባርሩህ በስልክ ያለቀስክብኝ አንተ አይደለህም? ምን ሰርቀህ ነበር?»

እኔ በኩራት እንባዬ መጣ።

እናቴ ከወተቱ ቀምሳ ለሽማግሌው ሰጠቻቸው፤ «ቢስሚላህ» ብለው ጠጡ። ቅሉን ተቀብላ ለወንድሜ ዘረጋችለት። እሱም በአንድ እጁ ክላሹን እንደያዘ ሌላውን ሰደደ።

«እንዲህ ነው ያሳደግኩህ? በሁለት እጅህ ተቀበል!» አለችው።

ወንድሜ እናቱን አየ፣ ሽማግሌውን አየ። ክላሹን አጥሩ ላይ አስደግፎ ሁለት እጁን ዘረጋ።