የትወናውን ዲግሪ የመረጠችው ልጅ

በቴአትር ቤቱ ልብስ ክፍል የምትሠራውን ሴት ተዋንያኑ «ሹክሹክታ» ይሏታል። በክፋት አይደለም፤ ድምፅዋ ከዚያ በላይ ስለማይወጣ ነው።

አባቷ እዚያው አናጢ ነበር። ከሳንቃና ከሸራ ቤተ መንግሥትም እስር ቤትም ይሠራል። ልጅ ሆና ከመድረኩ ጀርባ ተቀምጣ የተዋንያኑን ቃል በቃሏ ስታጠና ነው ያደገችው። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የቴአትር ትምህርት ክፍሉ ሁለት ዓይነት ዲግሪ አቀረበላት። አንዱ የትወና ነው፤ አራቱንም ዓመት ድምፅና አካል፣ በየዓመቱ መጨረሻም መድረክ ላይ ተፈትኖ ማለፍ። ሌላው አጠቃላይ የቴአትር ጥበብ ነው፤ ታሪኩም፣ ድርሰቱም፣ ዝግጅቱም፣ ማስተማሩም ጥቂት ጥቂት።

አባቷ መነጽሩን አድርጎ ሁለቱንም ደጋግሞ አነበበ።

«ሁለተኛውን ያዢ ልጄ። አንዱ በር ቢዘጋ በሌላው ትወጫለሽ።»

«ከሁሉም ቀምሼ ምን ልሆን ነው አባዬ? እኔ መተወን ነው የምፈልገው።»

«ስንቱን ንጉሥ አይቻለሁ መሰለሽ፣ ዘውዱን አውልቆ ታክሲ ሲጋፋ።»

ሁለቱም ሳቁ። «እንግዲህ ልብሽ ያለሽን አድርጊ» አላት።

ትወናውን መረጠች። ሁለት ዓመት የሚደርስባት አልነበረም። በሦስተኛው ዓመት አንገቷ ላይ እብጠት ወጣ፤ ሐኪሞቹ ሳይውል ሳያድር መውጣት አለበት አሉ። እብጠቱ ወጣ፤ የድምፅ ነርቯ ግን ተጎዳ። ስትነቃ «አባዬ» አለች። አባቷ አልጋዋ አጠገብ ነበር፤ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያያል። አልሰማትም።

አንድ ዓመት ጠበቁ። ድምፅዋ አልተመለሰም።

«ሕጉን እኔ አላወጣሁትም» አለቻት የክፍሉ ኃላፊ፣ ያኔ ለትወናው ፈትና የመረጠቻት ራሷ። «የድምፅ ፈተና ያላለፈ አራተኛ ዓመት አይገባም።»

«ወደ አጠቃላዩ ብዛወርስ?»

«ትችያለሽ። ግን ካለፍሻቸው ትምህርቶች ሰባቱ ብቻ ናቸው የሚያዙልሽ። ከሁለተኛ ዓመት ትጀምሪያለሽ።»

ተዛወረች። በሁለት ዓመት ከሚያንሷት ልጆች ጋር የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ የቴአትር ታሪክ መማር ጀመረች። በዚያው ዓመት መጨረሻ የድሮ ጓደኞቿ የመመረቂያ ቴአትራቸውን አሳዩ፤ ለእሷ ታስቦ የነበረውን ገጸ ባሕርይ ሌላ ልጅ ተጫወተችው። የመድረኩን ቤት የሠራው አባቷ ነበር። ማታ ሲመለስ ጠበቀችው።

«እንዴት ነበር?»

እጁን ታጥቦ ጨረሰ። «በሩ ትንሽ ይጣበቃል» አላት። ስለ ልጅቷ ምንም አልተነፈሰም። እስኪሞት ድረስም አንድ ቀን «አላልኩሽም ነበር?» ብሏት አያውቅም። ብሎኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር ትላለች።

ምረቃዋን ሳያይ ሞተ። ዲግሪዋን ይዛ መምህርነት ፍለጋ ሁለት ትምህርት ቤት ሄደች። ወረቀቷን ወደዱላት፤ መናገር ስትጀምር ግን ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ። አንደኛው ርእሰ መምህር «እህቴ፣ አርባ ልጅ በዚህ ድምፅ እንዴት ይሰማሻል?» አላት። ሰውየው እውነቱን ነበር፤ ወረቀቷን ተቀብላ ወጣች።

በመጨረሻ አባቷን የሚያውቁት የልብስ ክፍሉ ኃላፊ ወሰዷት። እዚያ ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቁልፍ ትተክላለች፣ የሰፋ ቀሚስ ታጠብባለች፣ ተዋንያኑን ታለብሳለች። መጋረጃው ሲከፈት በሩን ገርበብ አድርጋ ለቴአትሩ ሁለተኛ ክፍል የሚለበሰውን መተኮስ ትጀምራለች። እዚያ ከገባች ወዲህ አንድም ቴአትር አይታ አታውቅም።